«ወባ ይዞኝ ስለነበር ነው ወይ ልጄ ኦቲዝም የሆነው?» ለቡሬዋ እህታችን

ጥያቄሽን ሁለት ሦስቴ አነበብኩት እህቴ። ላላያችሁት ባጭሩ እንዲህ ነው፣ ጠያቂዋ ከቡሬ ወረድ ብሎ ካለ ቀበሌ ናት፣ ሦስት ዓመት ከአራት ወር የሆነው ወንድ ልጇ አይናገርም፣ ሲጠሩት አይዞርም፣ የድስት ክዳን ሲያሽከረክር ነው የሚውለው፣ ባህር ዳር ወስደውት ኦቲዝም ነው ተብሏል። እሱን አርግዛ አምስት ወሯ ላይ ወባ ይዟት ትኩሳቱ አልወርድ ብሎ ሦስት ቀን ተኝታ ታክማ ነበር። አሁን ሁለተኛውን አርግዛለች፣ ሦስተኛ ወሯ ነው፣ ሰሞኑን ደግሞ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አለብሽ ተብላ መድሃኒት ታዞላት ፈርታ እስካሁን አልጀመረችውም። አማቷ «በቀትር ወንዝ ወርዳ ለክፏት ነው» ይላሉ፣ የባሏ ወንድም ደግሞ ስልኩ ላይ አንብቦ «እናት ስትታመም ነው ኦቲዝም የሚመጣው» ብሏታል። ጥያቄዋ ሦስት ነው፣ እኔ ነኝ ወይ ያመጣሁበት? መድሃኒቱን ልውሰድ ወይስ ልተው? ሁለተኛውስ እንደሱ ይሆናል ወይ?

እኔ የህፃናት ሐኪም ነኝ፣ የእርግዝናውን መድሃኒት በተመለከተ የማህፀንና ፅንስ ሐኪም የሆነች የስራ ባልደረባዬን አማክሬ ነው የምጽፈው።

የሚቸኩለውን ላስቀድም። መድሃኒቱን ያዘዘልሽ ሰው እርጉዝ መሆንሽን አውቆ ከሆነ ዛሬ ማታ ጀምሪው። ሳያውቅ ከሆነ፣ ሦስተኛ ወር ላይ ሆድ አይታይም ካልነገርሽው በምን ያውቃል፣ ነገ በጠዋት ተመልሰሽ ንገሪው። ለሽንት ኢንፌክሽን በየፋርማሲው እንደ ከረሜላ የሚሰጠው ሲፕሮ ለነፍሰጡር የምንመርጠው አይደለም፣ ባክትሪም የምትሉት ኮትሪሞክሳዞልም በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ባይወሰድ ይሻላል፣ ግን ለእርጉዝ የሚሆኑ እንደ ሴፋሌክሲንና ኦግመንቲን አይነቶች አሉ እና ይቀየርልሻል፣ ጨርሶ መተው ግን የለም። ምን መሰለሽ፣ ምንም ሳያማት እንኳ ሽንቷ ውስጥ ባክቴሪያ የተገኘባት ነፍሰጡር ካልታከመች ከ100 ከ20 እስከ 30 የሚሆኑት ላይ ወደ ኩላሊት ይወጣል። ኩላሊት ጋ ከደረሰ ደግሞ ብርድ ብርድ ማለት፣ ጎን ውጋት፣ ማስመለስ፣ የሚያንቀጠቅጥ ትኩሳት፣ አንዳንዴም ጊዜው ያልደረሰ ምጥ ነው። አየሽ አይደል፣ ትኩሳትን ፈርተሽ መድሃኒቱን ስትተዪ ትኩሳቱን ራሱን ነው የምትጠሪው።

አሁን ወደ ዋናው። የባልሽ ወንድም ያነበበውን ከኪሱ አላወጣውም፣ በርግጥ የተጻፈ ነገር አለ፣ ችግሩ ግማሹን አንብቦ ነው የነገረሽ።

ነገሩ የተጀመረው በሩቤላ ነው። ሩቤላ ከኛ ኩፍኝ ጋር ቢመሳሰልም ሌላ ቫይረስ ነው፣ ለአዋቂ ቀለል ያለ ሽፍታና ትንሽ ትኩሳት ነው፣ ብዙ ሰው መያዙንም ሳያውቅ ያልፈዋል። ነፍሰጡርን በመጀመሪያዎቹ ወራት ከያዘ ግን እንግዴ ልጁን አልፎ ፅንሱ ውስጥ ይገባና ዓይኑን፣ ጆሮውን፣ ልቡን ይጎዳል። ይሄን መጀመሪያ ያስተዋለው ኖርማን ግሬግ የሚባል አውስትራሊያዊ የዓይን ሐኪም ነው፣ በ1941 እ.ኤ.አ.፣ ሞራ ግርዶሽ ይዘው የሚወለዱ ህፃናት ሲበዙበት። ከዛ በ1964 እና 65 አሜሪካ ውስጥ ትልቅ የሩቤላ ወረርሽኝ ተነሳና ወደ 20 ሺ የሚሆኑ ህፃናት ተጎድተው ተወለዱ። ስቴላ ቼስ የምትባል የኒውዮርክ የህፃናት አእምሮ ሐኪም ከነሱ ውስጥ 243ቱን ተከታትላ በ1971 ስታወጣው 18ቱ ሙሉ በሙሉ ወይም በከፊል የኦቲዝም ምልክት ነበራቸው። በዛን ጊዜ ኦቲዝም ከ10 ሺ ልጅ አራት አምስቱ ላይ ነው የሚገኘው ይባል ስለነበር ይሄ በጣም የሚያስደነግጥ ቁጥር ነው። ስለዚህ «ኢንፌክሽን ኦቲዝም ሊያመጣ ይችላል ወይ» ለሚለው መልሱ፣ ፅንሱ ውስጥ ራሱ የሚገባና አእምሮውን የሚነካ ከሆነ፣ አዎ ሊያመጣ ይችላል። ሩቤላ አንዱ ነው፣ ሲቶሜጋሎቫይረስ የሚባለውም በዚህ በኩል ይጠረጠራል።

የሽንት ኢንፌክሽን፣ ጉንፋን፣ የሳንባ ምች፣ ተቅማጥ ግን እንደዛ አይደሉም፣ ጀርሙ አብዛኛውን ጊዜ ካንቺ ጋር ይቀራል እንጂ ልጁ ጋ አይደርስም። እነሱ ላይ ጥያቄው ሌላ ነው፣ ያንቺ ሰውነት ሲታመም የሚለቀው የመከላከያ ኬሚካል የልጁን አእምሮ አፈጣጠር ይረብሸዋል ወይ ነው። እዚህ ላይ የአይጥ ጥናት በብዛት አለ። እርጉዝ አይጥ ላይ ምንም ህይወት የሌለው ቫይረስ መሳይ ነገር ይወጉና ሰውነቷ የታመመ መስሎት ይቆጣል፣ የምትወልዳቸው ልጆች ከሌሎቹ ጋር አይቀላቀሉም፣ አንድ ነገር ይደጋግማሉ። ኢንተርሉኪን 6 የሚባለውን የቁጣ መልእክተኛ ሲያግዱት ደግሞ ልጆቹ ደህና ይሆናሉ፣ ይሄ በ2007 እ.ኤ.አ. ካሊፎርኒያ የተሰራ ጥሩ ስራ ነው። ግን አይጥ ኦቲዝም አይዛትም እኮ፣ የሚለኩት ከሰጋቱራው ውስጥ ስንት ብይ ቀበረች የሚለውን ነው፣ እውነቴን ነው ልጆች የሚጫወቱበትን ብይ። ከዛ ተነስቶ የቡሬ ልጅ ለምን አልተናገረም ማለት ረጅም ዝላይ ነው።

ወደ ሰው እንምጣ። ዴንማርክና ስዊድን እያንዳንዱ ሰው ከተወለደ ጀምሮ ሆስፒታል የገባበት ሁሉ በአንድ ቁጥር ተመዝግቦ ስለሚቀመጥ እንዲህ ያለውን ጥያቄ ለመጠየቅ የሚመቹ አገሮች ናቸው። ዴንማርኮች ከ1980 እስከ 2005 የተወለዱትን ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ልጆች አዩ፣ በእርግዝና ዘመን ባጠቃላይ ኢንፌክሽን መያዝና ኦቲዝም አልተገናኙም፣ ነገር ግን በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በቫይረስ ታመው ሆስፒታል የተኙት ላይ ወደ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ስዊድን ውስጥ ደግሞ በ2015 በወጣው ጥናት በእርግዝናቸው በኢንፌክሽን ሆስፒታል ከተኙ እናቶች የተወለዱት ላይ 30 በመቶ ጨምሮ ታየ። የባልሽ ወንድም ያየው ይሄን ሳይሆን አይቀርም፣ 30 በመቶ ሲባል ከመቶ ልጅ 30ው ይታመማል ማለት መስሎት ከሆነ አልፈርድበትም ብዙ ሰው እንደዛ ነው የሚረዳው።

እንዲህ አስቢው። ኦቲዝም ከ100 ልጅ አንዱ ላይ ይገኛል እንበል፣ የዓለም ጤና ድርጅትም ከጥቂት ዓመት በፊት በግርድፉ ይሄን ቁጥር ይጠቀም ነበር። ያ ማለት ከ1000 እናት ልጆች አስሩ። በ30 በመቶ ጨመረ ማለት አስሩ 13 ሆነ ማለት ነው። ሆስፒታል እስኪተኙ ድረስ ከታመሙ 1000 እናቶች የ987ቱ ልጆች ኦቲዝም የለባቸውም። ከ13ቱም አስሩ እናትየው ባትታመምም ይኖርባቸው ነበር። ይሄ እንግዲህ ቁጥሩን እንዳለ አምነን ስንቀበለው ነው።

እኔ ግን እንዳለ አልቀበለውም፣ ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ፣ አንቺ የገበሬ ልጅ ነሽ ይገባሻል። ሁለት ሰዎች ጤፍ ዘሩ እንበል፣ አንዱ ማሳው ላይ በረዶ ወርዶበታል፣ ሌላው አልወረደበትም፣ ሲታጨድ በረዶ የወረደበት ምርቱ አነሰ። በረዶው ነው ያሳነሰው? ሊሆን ይችላል። ግን የመጀመሪያው ሰውዬ መሬት ጭንጫ፣ የሁለተኛው ደግሞ ዋልካ ቢሆንስ? በረዶው ባይወርድም ያው ነበር። እውነቱን ለማወቅ ከፈለግሽ የአንድን ሰው አንድ ማሳ በረዶ በወረደበት ዓመትና ባልወረደበት ዓመት ነው ማወዳደር ያለብሽ። ከእናቶች ጋርም እንደዛው ነው፣ ቶሎ ቶሎ የምትታመም እናት ከማትታመመው በብዙ ነገር ትለያለች፣ በኑሮዋ፣ በክብደቷ፣ በስኳሯ፣ ከእናት ከአባቷ በወረሰችው የሰውነት መከላከያ፣ ያ የወረሰችው ነገር ራሱ ደግሞ ለልጁ ይተላለፋል።

በ2022 እ.ኤ.አ. ስዊድኖች ይሄን አደረጉት። ወደ 550 ሺ የሚጠጉ ልጆችን ወሰዱና እንደተለመደው ሲያሰሉት ኢንፌክሽን የነበራቸው እናቶች ልጆች ላይ 16 በመቶ ገደማ ጭማሪ አገኙ። ከዛ ሁለት ብልህ ነገር ሰሩ። አንደኛ፣ እናትየዋ ከማርገዟ በፊት በነበረው አንድ ዓመት ስትታመምስ ብለው ጠየቁ፣ ያኔም ጭማሪው አለ፣ እንዲያውም 25 በመቶ ገደማ! አስቢው እንግዲህ፣ ፅንሱ ገና አልተፀነሰም፣ የሌለን ልጅ አእምሮ ትኩሳት እንዴት አድርጎ ይጎዳል? ሁለተኛ፣ የአንድ እናት ልጆችን አወዳደሩ፣ አንዱን አርግዛ የታመመች ሌላውን አርግዛ ደህና የነበረች፣ አንድ ማሳ ሁለት ዓመት ማለት ነው፣ ያኔ በመሃላቸው የነበረው የኦቲዝም ልዩነት ጠፋ። ስለዚህ አብዛኛው ጭማሪ ከህመሙ የመጣ ሳይሆን ቤተሰቡ ውስጥ ከነበረ ነገር የመጣ ነው የሚመስለው። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳምነኝ ይሄ ጥናት ነው። ግን የሚያስደስተኝን ብቻ እንዳልነግርሽ፣ እዛው ጥናት ላይ የአእምሮ እድገት ውስንነት የሚባለው ሌላው ችግር እንደ ኦቲዝሙ አልሆነም፣ ከማርገዝ በፊት ካለ ህመም ጋር አልተያያዘም፣ በእርግዝና ጊዜ ካለው ጋር ግን ተያይዟል። ስለዚህ «ኢንፌክሽን ምንም አያመጣም፣ ተኚ» ማለቴ እንዳይመስልሽ፣ መታከም አለበት።

ትኩሳቱስ አልሽ። ትኩሳት ለብቻው ሲጠና መልኩ ትንሽ ይለያል። ኖርዌይ ውስጥ ከ95 ሺ በላይ ልጆች ታይተው በ2018 የወጣው፣ ከአራተኛ እስከ ስድስተኛው ወር ባለው ጊዜ ትኩሳት የነበራቸው ላይ 40 በመቶ ገደማ ጭማሪ፣ ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ሦስት ጊዜና ከዛ በላይ የተመላለሰባቸው ላይ ደግሞ ሦስት እጥፍ ገደማ አሳይቷል። ዴንማርክም ከሳምንት በላይ የቆየ ትኩሳት ላይ ተመሳሳይ ነገር አይተው አጥኚዎቹ ራሳቸው «ብዙ ነገር ስለቆጠርን በአጋጣሚ ሊሆንም ይችላል ተጠንቀቁ» ብለዋል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ደግሞ ትኩሳታቸውን በመድሃኒት ያበረዱት እናቶች ላይ ጭማሪው አልታየም። ይሄ ሁሉ ግን የማሳና ማሳ ንጽጽር እንጂ ያንድ ማሳ አይደለም። ያም ሆነ ይህ ከዚህ የሚወጣው ስራ ቀላል ነው፣ ትኩሳት ሲይዝሽ «ላብ ያወጣዋል» ብለሽ ጋቢ ደርበሽ አትተኚ፣ አብርጂው፣ መንስኤውንም በዛው ቀን ተመርመሪ።

በምን ላብርደው ካልሽ በፓራሲታሞል። እሱም ኦቲዝም ያመጣል ሲባል ሰምተሻል መቼም፣ በመስከረም 2025 እ.ኤ.አ. የአሜሪካው ፕሬዝዳንት ቆመው ነፍሰጡሮች ታይለኖል አትውሰዱ ብለው ከተናገሩ ወዲህ በየቀኑ እጠየቃለሁ፣ ታይለኖል ማለት ያው የኛው ፓራሲታሞል ነው ስሙ ነው የተለየው። የዓለም ጤና ድርጅት ወዲያው በዛው ሳምንት ወጥነት ያለው ማስረጃ የለም ብሏል። አንድ ማሳ ሁለት ዓመት ያልኩሽ ዘዴ ለሱም ተሰርቷል፣ በ2024 ስዊድን ወደ 2.5 ሚሊዮን የሚጠጉ ልጆች ታይተው በተለመደው ስሌት 5 በመቶ የምታክል ጭማሪ ነበረች፣ ወንድምና እህት ሲወዳደሩ እሷም የለችም። ባለ 500 ሚሊግራሙን አንድ ወይ ሁለት ፍሬ፣ በየስድስት ሰዓቱ፣ በቀን ከስምንት ፍሬ ሳይበልጥ፣ ጉበትሽ ደህና ከሆነ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌን ግን በተለይ ከአምስተኛው ወር በኋላ አይሆኑም፣ የልጁን ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ሱቅ ውስጥ «ለወገብ» ተብሎ የሚሸጠው ብዙው እሱ ነው እና ተጠንቀቂ።

ወደ ወባው ልምጣ የኛ አገር ጉዳይ እሱ ስለሆነ። እስካሁን የጠራሁልሽ አገሮች ሁሉ ወባ የሌለባቸው ናቸው፣ እነሱ የቆጠሩት ኢንፍሉዌንዛና የሽንት ኢንፌክሽን ነው፣ የባልሽ ወንድም ያነበበው ጽሁፍ ላይ ወባ የሚል ቃል አይኖርም ብዬ እወራረዳለሁ። ወባ በእርግዝና ላይ የሚያደርገው ነገር ግን በደንብ ይታወቃል። ፋልሲፓረም የሚባለው ዝርያ እንግዴ ልጁ ላይ የመለጠፍ ልዩ ችሎታ አለው፣ በጣት ደም ሳይታይ እዛ ተደብቆ ሊቆይ ይችላል፣ ደምሽን ያወርደዋል፣ ለልጁ የሚደርሰውን ምግብና አየር ይቀንሳል፣ ስለዚህ ልጁ ክብደቱ ዝቅ ብሎ ወይም ያለጊዜው ይወለዳል፣ ሊያስወርድም ይችላል። ያለጊዜው መወለድ ደግሞ በራሱ የኦቲዝምን እድል ከፍ ያደርጋል። ያንቺ ልጅ ግን ጻፍሽልኝ እኮ፣ ዘጠኝ ወሩን ጨርሶ 3 ኪሎ ከ200 ሆኖ ወዲያው አልቅሶ ተወልዷል። ወባው እንግዴ ልጁን ክፉኛ ጎድቶት ቢሆን ኖሮ እንዲህ አይወለድም ነበር ለማለት የሚያስደፍር ክብደት ነው። ሦስት ቀን ተኝተሽ የታከምሽው ህክምና ነው ያተረፈሽ፣ ልጅሽንም።

አሁንም ያለሽው ወባ ቀጠና ውስጥ ነው፣ ቡሬ፣ ጃቢ ጠህናን፣ ወደ አባይ በረሃው ቁልቁል ያለው ሁሉ፣ ክረምቱ ሲወጣ ከመስከረም እስከ ኅዳር ይብሳል። አጎበር ውስጥ ተኚ፣ አጎበሩን ለጤፍ ማድረቂያ ያደረጋችሁት ካለ አምጡት (አይቼ ነው የምናገረው፣ የኛ ቤትም ነበር)። ትኩሳት ከጀመረሽ በ24 ሰዓት ውስጥ ጤና ኬላ ሂጂና ተመርመሪ። ወባ ከተገኘብሽ ኮአርተም እሰጥሻለሁ ቢሉሽ አትፍሪ፣ የዓለም ጤና ድርጅት በ2022 እ.ኤ.አ. በእርግዝና የመጀመሪያ ሦስት ወራትም ጭምር እንዲሰጥ ፈቅዷል፣ ሦስት ቀን ነው ሳታቋርጪ፣ ወተት ወይም ቅባት ያለው ነገር ቀምሰሽ ዋጪው ያኔ ነው በደንብ ሰውነት የሚቀበለው። ፕሪማኩዊን የሚባለው ግን በእርግዝና አይሰጥም፣ እሱን ቢያዙልሽ እርጉዝ ነኝ በያቸው።

በነገራችን ላይ፣ ቀድሞ «ታይፎይድና ታይፈስ» ተብዬ መርፌ ተወግቻለሁ ብለሻል። እህቴ ጎጃም ውስጥ ታይፎይድና ታይፈስ ያልተባለ ሰው ካለ አሳዩኝ። ያ በደም የሚሰራው ዊዳል የሚባል ምርመራ በጣም ያሳስታል፣ ከብዙ ጊዜ በፊት ይዞሽ ያለፈ፣ ወይም ጭራሽ ሌላ በሽታ ሆኖ እንኳ አለብሽ ሊል ይችላል። ስለዚህ ያ ወረቀት ያኔ በርግጥ ታይፎይድ እንደነበረብሽ አያረጋግጥም፣ በሌለ በሽታ ደግሞ አትጸጸቺ። ወደፊት እንደዛ ቢሉሽ ዶክሲሳይክሊን የሚባለውን በእርግዝናሽ አትቀበያቸው።

እውነተኛ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ሌላ ቦታ ነው፣ ማንም የማያወራበት። ጥሬ ሥጋ። ቁርጥም ክትፎም፣ እስክትወልጂ ድረስ ይቅርብሽ፣ ቶክሶፕላዝማ የሚባለው ጥገኛ ከዛም ከድመት ኩስም ከነካው አፈርና ካልታጠበ ሰላጣም ይመጣል፣ እሱ ፅንሱ ውስጥ ከሚገቡት ነው ዓይንና አእምሮ ይጎዳል። ለፋሲካ ሲታረድ ጎረቤት ይቆጣ እንጂ ጠብሰሽ ብዪ። ሲቶሜጋሎቫይረስ ያልኩሽ ደግሞ ከትንንሽ ልጆች ምራቅና ሽንት ነው የሚመጣው፣ የልጅሽን ትራፊ አትብዪ፣ ሽንቱን ከጠረግሽ እጅሽን በሳሙና ታጠቢ፣ ጉንጩን ሳይሆን ግንባሩን ሳሚው። ክትትል ስትሄጂ ደግሞ የቂጥኝ፣ የኤችአይቪና የጉበት ቫይረስ ምርመራ ይደረግልሻል፣ ቂጥኝ ቢገኝ እንኳ በፔኒሲሊን መርፌ ልጁን ማዳን ይቻላል፣ ባልሽም ይመርመር። የመንጋጋ ቆልፍ ክትባቱንም ተከተቢ። ክትባት ኦቲዝም ያመጣል የሚባለው ወሬ የተነሳው በ1998 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ በወጣ ስለ ኩፍኝ ክትባት በሚያወራ ጽሁፍ ነው፣ ጽሁፉ በ2010 ተሰርዟል ጸሐፊውም የሐኪምነት ፈቃዱን ተነጥቋል፣ አለቀ።

ታዲያ የልጄ ከምን መጣ ትዪኛለሽ። ለኦቲዝም መምጣት ትልቁን ድርሻ የሚይዘው ውርስ ነው፣ በብዙ አገር የተሰሩ ትልልቅ ጥናቶች 80 በመቶ ገደማ ያደርሱታል። ውርስ ስልሽ «የነ እንትና ዘር» ተብሎ የሚወራውን አይነት አይደለም፣ «በዘራችን የለም» ብለው አባትሽ ቢቆጡም እውነታቸውን ነው፣ ምክንያቱም በመቶ የሚቆጠሩ ትንንሽ ልዩነቶች ከሁለታችሁም ተሰባስበው፣ አንዳንዴም በእናትና አባት ላይ ጭራሽ የሌለ አዲስ ለውጥ ልጁ ላይ ብቻ ተፈጥሮ ነው የሚሆነው። ማንም መርጦ አልሰጠውም። ለሁለተኛው ልጅ ግን እድሉ ከሌላው ሰው ከፍ ይላል፣ እንደየጥናቱ ከ100 ከ7 እስከ 20 ነው። ይሄን የምነግርሽ እንድትጨነቂ አይደለም፣ ሁለተኛው ሲወለድ ከስድስት ወሩ ጀምሮ ዓይን ለዓይን መተያየቱን፣ በዓመቱ ስሙ ሲጠራ መዞሩን፣ በጣቱ መጠቆሙን ቀደም ብለን እንድናይ ነው። ከመቶ ሰማንያና ከዛ በላይ ደግሞ አይኖርበትም።

አማትሽን በተመለከተ። እናቴም እንዲሁ ነበረች፣ በቀትር ወንዝ አትውረዱ፣ ላብ ይዟችሁ ፀሐይ ላይ አትቀመጡ ምች ይመታችኋል እያለች ዳማከሴ እየጨመቀች ነው ያሳደገችን፣ እኔን አርግዛ ሁለቴ ወባ ይዟታል፣ በቀትርም ውሃ ቀድታለች ሌላ ማን ይቀዳላት ነበር። በክፋት አይደለም የሚሉት፣ የልጅ ልጃቸው ለምን «አያቴ» እንዳላላቸው ምክንያት ፈልገው ነው፣ ምክንያት ደግሞ ሲፈለግ ምንጊዜም እናት ላይ ነው የሚገኘው። አያጣሉሽ። ጸበል ልውሰደው ካሉም ይዘሽው ሂጂ፣ እኔ አልከለክልም፣ ሁለት ነገር ብቻ፣ አይታሰር፣ ደግሞም ለጸበሉ ተብሎ ስድስት ወር ትምህርቱ አይቋረጥ።

ምክንያቱም ልጁ ጋ ያለው ስራ ነው አሁን የሚያዋጣው። መጀመሪያ ጆሮው በደንብ ይለካ፣ ሲጠሩት የማይዞር ልጅ ሁሉ ኦቲዝም ብቻ ነው ማለት አይደለም፣ መስማትም ላይችል ይችላል፣ ባህር ዳር ያሉት ትልልቅ ሆስፒታሎች ላይ ስትሄጂ ይሄን ጠይቂ። ከዛ ደግሞ ቤት ውስጥ፣ ክዳን ሲያሽከረክር አትንጠቂው፣ አጠገቡ ቁጭ በይና አንቺም ሌላ ክዳን አሽከርክሪ፣ ሲያይሽ «ዞረ!» በዪው፣ አንድ ቃል ብቻ፣ አቁሚና ጠብቂው። ውሃ ሲፈልግ እጅሽን ይዞ ወደ እንስራው ይጎትትሻል አይደል፣ ወዲያው አትስጪው፣ «ውሃ» በዪና ዓይኑን ጠብቂ፣ ድምፅ ካወጣ ወይ ቀና ብሎ ካየሽ ያኔ ስጪው። በቀን አስር ደቂቃ፣ በየቀኑ። የዓለም ጤና ድርጅት ለወላጆች ያዘጋጀው ስልጠና በሙሉ በዚህ መንፈስ ነው፣ እኛም አገር አዲስ አበባና ቡታጅራ ላይ ተሞክሯል፣ ወላጅ ያለ ስፔሻሊስት ሊሰራው የሚችል ነው። ከሃያ ዓመት በፊት ወ/ሮ ዘሚ የኑስ ለልጃቸው ትምህርት ቤት አጥተው አዲስ አበባ ጆይ ኦቲዝም ማዕከልን ሲከፍቱ ይሄ ቃል ራሱ አገራችን ውስጥ አይታወቅም ነበር፣ ዛሬ አንቺ ከቡሬ ሆነሽ በስሙ ጠርተሽ ጠየቅሽኝ።

እንግዲህ ላንቺ የቀረው፣ መድሃኒቱን ስትጨርሺ ከሳምንት በኋላ ሽንትሽ ድጋሚ ይታይ፣ ከተቻለ ካልቸር (ባክቴሪያውን አሳድጎ የሚለየው ምርመራ) ይሰራ፣ ቡሬ ካልተገኘ ፍኖተ ሰላም ወይ ደብረ ማርቆስ ጠይቂ። ትኩሳት፣ ጎን ውጋት፣ ደም ወይም ውሃ ከፈሰሰሽ ነገ እሄዳለሁ አትበዪ። የታዘዘልሽን ኪኒን ስም ከካርቶኑ ላይ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። በሚቀጥለው ክትትልሽ ደግሞ አማትሽን ይዘሻቸው ሂጂ፣ የልጁን ልብ ምት ድምፅ ሲያሰሙሽ እሳቸውም ይስሙ።